ስለ አዱሚም ዐቀበትና በላዩ ስለ ተሠራችው ከተማ

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደው መንገድ አብዛኛው ክርስቲያን በእግሩ ሳይረግጠው በጆሮው የሚያውቀው መንገድ ነው። ጌታችን መድኀኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ ደጉ ሳምራዊ ባስተማረ ጊዜ፣ ወንበዴዎች ገፍፈውና አቍስለው የጣሉት መንገደኛ የወደቀው በዚሁ ቍልቍለት ላይ መሆኑን ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 10 ይነግረናል። ዛሬ በዚያ መንገድ በአውቶቡስ ወደ ዮርዳኖስ የሚወርድ ተሳላሚ ግን ከደብረ ዘይት ተራራ ጀርባ ጥቂት እንደ ተጓዘ በስተቀኙ ባለው ኮረብታ ላይ ነጫጭ ፎቅ ቤቶቿ ደረጃ በደረጃ የተሠሩ ትልቅ ከተማ ያያል። ስሟ ማዕሌ አዱሚም ይባላል፤ ትርጓሜውም የአዱሚም ዐቀበት ማለት ነው።

ከአገራችን የሚሄዱ ተሳላሚዎች ይህችን ከተማ ባዩ ጊዜ «ይህች ከተማ በማን አገር ናት?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው አጭር ሲሆን መልሱ ግን አጭር አይደለም። አንዱ መጽሐፍ ቅዱስን ጠቅሶ ነገሩን ያለቀ አድርጎ ይናገራል፤ ሌላው ከዜና የሰማውን ይደግማል። እኛ ግን የቦታውን ታሪክና የሕጉን ክርክር ለየብቻው አድርገን ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ልናስረዳ እንወዳለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቦታው ጥንታዊ ታሪክ

ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ መንገደኛው 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጕዞ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወርዳል። ደብረ ዘይትን ከተሻገሩ በኋላ ዝናብ ያንሳል፤ የወይራው ዛፍ ይቀርና ራቍቱን የቆመው የይሁዳ ምድረ በዳ ይጀምራል።

የአዱሚም ዐቀበት በመጽሐፈ ኢያሱ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል። በምዕራፍ 15 ቍጥር 7 የይሁዳ ነገድ ወሰን ሲነገር፣ በምዕራፍ 18 ቍጥር 17 ደግሞ የብንያም ነገድ ወሰን ሲነገር ነው። እንግዲህ ቦታው ከጥንት ጀምሮ የድንበር ምልክት ነበረ ማለት ነው። ስሙ በዕብራይስጥ ከቀይነት የመጣ ነው፤ በዚያ ያለው ዐለት ቀይ ነውና። በቤተ ልሔም ይኖር የነበረው መጽሐፍ ተርጓሚው ጄሮም ግን ስሙን ወንበዴዎች በዚያ ካፈሰሱት የመንገደኞች ደም ጋር አያይዞ ተርጕሞታል። በጌታችን ምሳሌ የተጠቀሰው የእንግዶች ማደሪያ ነው ተብሎ ከጥንት ጀምሮ የሚታሰበው ስፍራም ከከተማይቱ በስተምሥራቅ በመንገዱ ዳር ይገኛል። ዛሬ ከአይሁድና ከሳምራውያን ምኵራቦች እንዲሁም ከክርስቲያኖች አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡ፣ በጠጠር ሥዕል ያጌጡ ወለሎች የሚታዩበት ቤተ መዘክር ሆኗል።

በአምስተኛው መቶ ዓመት ይህ ምድረ በዳ የመነኮሳት አገር ነበረ። ማርቲርዮስ የተባለ መነኵሴ ትውልዱ ከቀጰዶቅያ ሲሆን፣ በግብፅ በረሓ ከተቀመጠ በኋላ በ457 ወደ አባ ኤውቲምዮስ ገዳም መጣ። ከዚያም ተለይቶ በአንድ ዋሻ ውስጥ በብሕትውና ኖረ፤ በዚያም ቦታ በስሙ የሚጠራ ገዳም ተመሠረተ። እርሱ ራሱ ከ478 እስከ 486 ድረስ የኢየሩሳሌም ፓትርያርክ ሆኖ ተሾመ። ገዳሙ በ614 ፋርሶች አገሪቱን በወረሩ ጊዜ ተደመሰሰ፤ ከዚያ በኋላም ወደ ቀድሞ ክብሩ አልተመለሰም።

የዚህ ገዳም ፍርስራሽ የሚገኘው ከከተማይቱ ውጭ ሳይሆን በመካከሏ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት ከተማይቱ ስትሠራ ቦታው በከርሰ ምድር ጥናት ሊቃውንት ተቈፍሮ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የውኃ ጕድጓዶቹ፣ የመነኮሳቱ የምግብ አዳራሽና ማእድ ቤቱ ተገለጡ። እኛም ከጕዞው ማኅበር ጋር ልናየው በሄድን ጊዜ ከአራቱ ማዕዘን በፎቅ ቤቶች ተከቦ አገኘነው። በአንዱ ሰገነት ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት መነኮሳቱ በአንድነት እንጀራ የቈረሱበትን አዳራሽ ቍልቍል ታያለች። ከቅጥሩ ውጭ መነኮሳቱ ለመንገደኞች የሠሩት የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ እንግዳው እንስሳውን የሚያስርበት ጋጥ እንኳ አልቀረበትም። ከዚያ ተነሥተን ቦታው የእኛ የክርስቲያኖች ነው ብንል ለጊዜው ደስ ይለን ይሆናል። ነገር ግን ከመነኮሳቱ አስቀድሞ የይሁዳና የብንያም ልጆች ነበሩ፤ ከመነኮሳቱም በኋላ የዐረብ እረኞችና ገበሬዎች ኖሩ። ፍርስራሽ ማን እንደ ነበረ ይመሰክራል እንጂ መሬቱ ዛሬ የማን እንደ ሆነ አይፈርድም።

የከተማይቱ አመሠራረት

ይህ አገር እስከ 1917 ድረስ በቱርክ ኦቶማን መንግሥት ሥር ነበረ። ከዚያም በእንግሊዝ ሞግዚትነት፣ ከ1948 ጦርነት በኋላም በዮርዳኖስ መንግሥት ተገዛ። በሰኔ 1967 በተደረገው የስድስት ቀን ጦርነት የእስራኤል ጦር ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተምዕራብ ያለውን አገር በሙሉ ያዘ። እስራኤል ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ከራስዋ ጋር ስትደባልቅ የቀረውን አገር ግን በጦር አስተዳደር ሥር አኖረችው። የአዱሚም ዐቀበት የሚገኘው በዚህ በቀረው ክፍል ውስጥ ነው።

በ1974 መጨረሻ የእስራኤል መንግሥት በዚያ ኮረብታ አካባቢ የኢንዱስትሪ ቀበሌና የሠራተኞች ሰፈር እንዲቋቋም ወሰነ። በ1975ም 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ተወሰደ፤ በዚያው ዓመት 23 ቤተ ሰቦች ገብተው ሰፈሩ። በ1977 የሜናሔም ቤጊን መንግሥት ሰፈሩን ቋሚ መኖሪያ አድርጎ አጸደቀው። ቶማስ ላይተርስዶርፍ የተባለው መሐንዲስ በኮረብታው ቅርጽ ልክ የከተማይቱን ንድፍ አወጣ፤ በ1982 ሰዎች ወደ አዲሶቹ ቤቶች መግባት ጀመሩ። በ1991 ማዕሌ አዱሚም በዚያ አገር ካሉት የእስራኤል ሰፈራዎች መካከል የከተማነትን ማዕርግ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሆነች። ዛሬ የነዋሪዎቿ ቍጥር ወደ 40,000 ይጠጋል፤ የአስተዳደር ክልሏም 48 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን ከቴል አቪቭ ከተማ ስፋት ብዙ አያንስም።

በዚያ የሚኖሩት ሰዎች ሁሉ በአንድ ዐሳብ የመጡ እንዳይመስለን። አንዳንዱ የአባቶቼ ርስት ነው ብሎ መጣ፤ ብዙው ግን በኢየሩሳሌም የቤት ዋጋ ስለ ከበደበት ለልጆቹ ሰፊ ቤት ፈልጎ የመጣ ነው። መንግሥት ግን ከተማይቱን ሲሠራ ኢየሩሳሌምን በስተምሥራቅ በኩል የሚጠብቅ አጥር ትሁነኝ ብሎ ማሰቡ የታወቀ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጎረቤቶቿ እንመልከት። በስተምዕራብ በኩል ያለችው አልዐይዘሪያ የተባለችው መንደር ወንጌል ቢታንያ የሚላት ናት፤ የዐረብኛ ስሟ ጌታችን ከመቃብር ካስነሣው ከአልዓዛር የመጣ ነው። በአጠገቧ አቡ ዲስ የምትባል መንደር አለች። የእነዚህና የሌሎች መንደሮች ሰዎች ከተማይቱ የተሠራችበት ኮረብታ አያቶቻችን ያረሱትና ከብቶቻችን የሰማሩበት ነው ይላሉ። እነዚህ ፍልስጥኤማውያን ስማቸው ቢመሳሰልም በመጽሐፈ ነገሥት የምናነባቸው የጎልያድ ወገኖች አይደሉም፤ የዛሬው አገር ዐረብኛ ተናጋሪ ሕዝብ ናቸው፤ ከእነርሱም እስላሞች አሉ፤ ክርስቲያኖችም አሉ።

ከመንደሮቹም ሌላ ጃሃሊን የሚባሉ በድንኳን የሚኖሩ ዘላኖች አሉ። እነርሱ ቀድሞ በኔጌብ በረሓ ይኖሩ ነበር፤ የእስራኤል መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከዚያ ተባረው ወደዚህ መጡ። ከተማይቱ ስትሰፋ ከእነርሱ ብዙ ቤተ ሰቦች በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ ገና ተነሥተው በአቡ ዲስ አጠገብ ከኢየሩሳሌም የቈሻሻ መጣያ ብዙም በማይርቅ ቦታ ሰፈሩ።

የሕጉ ክርክር

የክርክሩ መሠረት በ1949 የተፈረመው አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት ነው። የዚህ ስምምነት 49ኛው አንቀጽ አንድ መንግሥት በጦር በያዘው አገር ውስጥ የራሱን ሰላማዊ ሕዝብ ክፍል አዛውሮ እንዳያሰፍር ይከለክላል። በ1907 የወጣው የዘሄግ ደንብም የግል ሀብት እንዳይወረስ ያዛል።

የእስራኤል መንግሥት መልስ ይህ ነው። አንደኛ፣ ዮርዳኖስ በ1950 አገሩን ከራስዋ ጋር ስትደባልቅ ያወቁላት መንግሥታት እጅግ ጥቂቶች ስለ ሆኑ፣ መሬቱ ከሕጋዊ ባለቤት የተወሰደ አይደለም፤ ክርክር ያለበት አገር እንጂ በወረራ የተያዘ አገር ሊባል አይገባም። ሁለተኛ፣ የስምምነቱ አንቀጽ የተጻፈው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በግድ የተደረገውን የሕዝብ ማፍለስ ለመከልከል ነው፤ በፈቃዱ ሄዶ ቤት የሚገዛውን ሰው አይመለከትም። ሦስተኛ፣ በ1922 የመንግሥታት ማኅበር ለእንግሊዝ በሰጠው የሞግዚትነት ሥልጣን አይሁድ በዚህ አገር እንዲሰፍሩ ተፈቅዷል። አራተኛ፣ በ1990ዎቹ የተደረጉት የኦስሎ ስምምነቶች የሰፈራዎችን ነገር ለመጨረሻው ድርድር አቆይተውታል።

ተቃዋሚዎቹም ለያንዳንዱ ቃል መልስ አላቸው። ስምምነቱ የተጻፈው የነገሥታትን ሥልጣን ለማስከበር ሳይሆን በጦር እጅ የወደቀውን ሕዝብ ለመጠበቅ ነው፤ ስለዚህ የቀድሞው ገዥ ሕጋዊ ቢሆንም ባይሆንም ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው። መንግሥት መሬቱን ወስዶ፣ መንገዱን ጠርጎ፣ ቤቱን በድጎማ ካሠራ በኋላ ሰዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው ሄዱ ማለት አያሳምንም። የእንግሊዝም ሞግዚትነት በ1948 አብቅቷል። ነገርን ለድርድር ማቆየት ደግሞ ማጽደቅ አይደለም።

ከዓለም መንግሥታት አብዛኞቹ በሁለተኛው ወገን ፈርደዋል። የጸጥታው ምክር ቤት በ1980 ባወጣው 465ኛ ውሳኔ፣ ኋላም በታኅሣሥ 2016 አሜሪካ ድምፅ ሳትሰጥ ቀርታ በ14 ድምፅ ባጸደቀው 2334ኛ ውሳኔ፣ ሰፈራዎቹ ሕጋዊ ዋጋ የላቸውም ብሏል። በዘሄግ የሚያስችለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2004ና እንደ ገና በሐምሌ 2024 በሰጠው የምክር አስተያየት ይህንኑ አረጋግጧል። የአሜሪካ መንግሥት ግን ቃሉን ለዋውጧል፤ በ1978 የውጭ ጕዳይ ሕግ ዐዋቂው ሰፈራዎቹ ከሕግ ጋር አይስማሙም ሲል ጻፈ፣ በ2019 ሰፈራ በራሱ ሕግ የሚያፈርስ አይደለም ተባለ፣ በ2024 ደግሞ ወደ ፊተኛው ቃል ተመለሱ። በእስራኤል በራስዋ እንኳ የውጭ ጕዳይ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ የነበረው ቴዎዶር ሜሮን ገና በመስከረም 1967 በተያዘው አገር ሰላማዊ ሰዎችን ማስፈር የጄኔቫን ስምምነት እንደሚጥስ ለመንግሥቱ በምስጢር ጽፎ ነበር።

የእስራኤል ፍርድ ቤትም ዝም አላለም። በ1979 ኤሎን ሞሬህ በተባለው ሰፈራ ክርክር፣ የጦር አስፈላጊነት ሳይኖር የግል መሬት ለሰፈራ ሊወሰድ አይገባም ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ ዐይኑን ወደ 1858ቱ የኦቶማን የመሬት ሕግ አዞረ። በዚያ ሕግ መሠረት ሳይታረስ የቀረ መሬት የመንግሥት ነው ተብሎ ሊታወጅ ይችላል። የአገራችን ገበሬ ይህን ቢሰማ ነገሩን ፈጥኖ ያስተውላል፤ የሚያርስ ሰው ማስረጃው ትልሙ ሲሆን ከብት የሚያሰማራው ግን ትልም የለውምና። በበረሓው አፋፍ ያለው አብዛኛው መሬት የግጦሽ መሬት ስለ ነበረ ሕጉ ከእረኛው ይልቅ ለመንግሥት አዘነበለ።

በመዝገብ ምን ያህል ልዩነት ሊመጣ እንደሚችል አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አሁን ሰላም የተባለው የእስራኤላውያን ማኅበር በ2006 ከማዕሌ አዱሚም መሬት 86 በመቶው የፍልስጥኤማውያን የግል ሀብት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት ይፋዊውን መዝገብ ሲያወጣ ግን ማኅበሩ ቍጥሩን አርሞ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ አደረገው። ይህ ለእስራኤል ወገን ትልቅ ማስረጃ ሆነ። ይሁን እንጂ የመንግሥት መሬት መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ በጦር የተያዘ አገር የመንግሥት መሬት ለማን ጥቅም ሊውል ይገባል የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። እንግዲህ የመሬቱ ባለቤት ማን ነው የሚለውና ሰፈራው ሕጋዊ ነውን የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ክርክሩ ዛሬም እየሰፋ ሄዷል። በኢየሩሳሌምና በማዕሌ አዱሚም መካከል ያለው 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ባዶ መሬት በመንግሥት ካርታ ኢ 1 ተብሎ ይጠራል። በዚያ ላይ መኖሪያ ለመሥራት የታሰበው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ቢሆንም በሌሎች መንግሥታት ተቃውሞ ለብዙ ዘመን ዘገየ፤ በነሐሴ 2025 ግን ወደ 3,400 የሚጠጉ ቤቶች እንዲሠሩ ተፈቀደ። እስራኤላውያን ይህ ከተማይቱን ከኢየሩሳሌም ጋር ያገናኛል ይላሉ። ፍልስጥኤማውያንም በሰሜን ያለችውን ራማላን በደቡብ ካለችው ከቤተ ልሔም ይለያል፣ ተስፋ የምናደርገውንም መንግሥት በመካከሉ ይሰብራል ይላሉ። በዚያው አካባቢ ኻን አል አሕመር የምትባለው የጃሃሊን መንደር ያለ ፈቃድ የተሠራች ናት ተብላ እንድትፈርስ የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ፈቅዶ ነበር፤ ትእዛዙ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይፈጸም ቆየ። ልጆቿ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከአሮጌ የመኪና ጎማና ከጭቃ የተሠራ ነው። የማስተማር ሥራ ያለን ሰዎች የትምህርት ቤት ነገር ሲነሣ ልባችን አይችልምና ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልወደድንም።

በዚህ ሁሉ መካከል የዕለት እንጀራው የተያዘበት ሰው አለ። በከተማይቱ የኢንዱስትሪ ቀበሌ ሶዳስትሪም የተባለ ፋብሪካ ነበረ፤ አይሁድና ፍልስጥኤማውያን በአንድነት ይሠሩበት ነበር። ሰፈራውን የሚቃወሙ ሰዎች ዕቃውን አትግዙ ብለው በዓለም ሁሉ ተነሡበት። ፋብሪካው በ2015 ወደ ኔጌብ ሲዛወር ከፍልስጥኤማውያኑ ሠራተኞች ብዙ መቶዎች ሥራቸውን አጡ። አንዱ ወገን ጥፋቱ ዕቃውን አትግዙ ያሉት ሰዎች ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ ጥፋቱ የሥራ ፈቃድ የከለከለው መንግሥት ነው አለ። ሠራተኛው ግን በሁለቱም ክርክር እንጀራ አላገኘም።

ተሳላሚ ምን ይማራል

በአገራችን «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይባላል። በአዱሚም ዐቀበት ላይ ይህን ምሳሌ ሁለቱም ወገኖች እኩል ሊናገሩት ይችላሉ። አይሁዳዊው የኢያሱን መጽሐፍ ገልጦ ይናገረዋል፤ የአቡ ዲስ ገበሬ የአያቱን ወይራ እያሳየ ይናገረዋል። ምሳሌው ትልቅ እውነት ቢሆንም ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ግን አይነግረንም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ከማንም ይልቅ የቀረብን ነን፤ በጎልጎታ የሚገኘው ዴር ሱልጣን ገዳማችን እስከ ዛሬ በክርክር ላይ ነውና። በ1970 በትንሣኤ ሌሊት መነኮሳቶቻችን የመተላለፊያውን በሮች ቍልፍ በእጃቸው አደረጉ። በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቍልፉ ለግብፅ ቅብጦች እንዲመለስ ቢፈርድም የባለቤትነቱን ነገር ለመንግሥት ተወው፤ መንግሥትም ነገሩን ሳይቈርጥ አቆየው። ይዞታ አንድ ነገር፣ ፍርድ ሌላ ነገር፣ የፍርድ አፈጻጸም ደግሞ ሦስተኛ ነገር መሆኑን ከዚያ ተምረናል። እኛ በጥንታዊ ይዞታችን እንዲታመንልን የምንለምን ከሆንን፣ የበረሓውም እረኛ በይዞታው ሲጮኽ ጆሮ ልንነፍገው አይገባንም፤ እኛ ከቅዱስ ቦታ አትለዩን የምንል ከሆንንም፣ አይሁዳዊው ለአባቶቹ ምድር ያለውን ናፍቆት ልንሣለቅበት አይገባንም።

በቅዳሴያችንና በዳዊታችን እስራኤል የሚለውን ስም እናከብራለን፤ ማክበራችንም የተገባ ነው። ነገር ግን የቅዱሱ ስም ክብር የዛሬውን መንግሥት ሥራ ሁሉ ያጸድቃል ማለት አይደለም፤ የመንግሥትን ሥራ መንቀፍም የአይሁድን ሕዝብ መጥላት ሊሆን አይገባም። በቤታችን ልጆቻችን ስለዚያ አገር ሲጠይቁን ይህን ልዩነት አጥርተን ልንነግራቸው ግዴታችን ነው።

ስለ ደጉ ሳምራዊ የተነገረው ምሳሌ የተነገረው ለማን እንደ ነበር እናስታውስ፤ ለሕግ ዐዋቂ ነበር። እርሱ ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ የጠየቀው የፍቅሩን ወሰን ለማወቅ ነበር፤ እስከ የትኛው ድረስ ነው ግዴታዬ ማለቱ ነው። ጌታችንም ወሰኑን አላሰመረለትም። ስለ ወደቀው ሰው ነገረው፤ ከዚያም ለዚያ ሰው ባልንጀራ የሆነለት ማን እንደ ሆነ መልሶ ጠየቀው፤ አንተም ሄደህ እንዲሁ አድርግ ሲል አዘዘው። ይህ ማለት ሕግ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የወሰን ነገር በፍርድና በስምምነት ካልተቈረጠ ደካማው ዘወትር ተገፊ ይሆናልና። በ2003 ከሁለቱም ወገን የሆኑ ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ባወጡት የጄኔቫ ውጥን ማዕሌ አዱሚም ለእስራኤል ቀርታ በምትኳ ሌላ መሬት ለፍልስጥኤማውያን እንዲሰጥ ዐስበው ነበር፤ ውጥኑ ባይፈጸምም ሰው ከወደደ መንገድ እንደማይጠፋ ያሳያል።

እንግዲህ ወደ ዮርዳኖስ የምትወርዱ ምእመናን ሆይ፣ በአዱሚም ዐቀበት ስታልፉ ጥቂት ቆም ብላችሁ በስተቀኝ ያለችውን ከተማ እዩ፤ በሸለቆው ያሉትንም የቆርቆሮ ቤቶችና ድንኳኖች እዩ። በሁለቱም ቤት እናት ልጅዋን ታጥባለች፤ በሁለቱም ቤት አባት ነገን ይፈራል። የየትኛው ወገን ክርክር እንደሚረታ ዳኞች ይመርምሩ፤ እኛ ግን እንደ ካህኑና እንደ ሌዋዊው ወደ ሌላው ዳር ተሻግረን እንዳናልፍ እንጠንቀቅ። ለምድሪቱም ለሕዝቧም ሁሉ እግዚአብሔር ሰላምንና ቅን ፍርድን ይስጥልን፤ አሜን።